የጨቅላ ሕፃናት እንቅልፍ፦ የአዳማ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በክትባት ቀን ወረፋ ይዘው ከሚጠብቁ እናቶች አፍ የማይጠፋ ነገር ቢኖር የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ»፣ «ካላቀፍኳት አትተኛም»፣ «ጎረቤቴ ሆዱን ነው ትላለች፣ አማቴ ዐይን ነው ትላለች።» ከዚህ በታች ያለው ከልደት እስከ ስድስት ወር ገደማ ላሉ ሕፃናት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በነዚህ ወራት የልጁ ቶሎ ቶሎ መንቃት በአብዛኛው ተፈጥሮው ነው። መስተካከል ያለበት የሚተኛበት ቦታ፣ የቤቱ ሁኔታና እናቲቱ የምታገኘው እገዛ ነው። በሽታን የሚጠቁሙ ጥቂት ምልክቶችም አሉ፤ እነሱን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው።

ልጄ ተኝቶ ያቃስታል፣ ይንጠራራል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። አሞት ይሆን?

ብዙውን ጊዜ አላመመውም። የአራስ ልጅ እንቅልፍ ግማሽ ያህሉ እንቅስቃሴ የሚበዛበት ቀላል እንቅልፍ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ዐይኖቹ በቆባቸው ሥር ይንቀሳቀሳሉ፣ ከንፈሩ የሚጠባ ይመስላል፣ እጁ ድንገት ይፈናጠራል፣ ፈገግ ይልና ወዲያው ፊቱን ያኮሳትራል። ትንፋሹም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ፈጠን ፈጠን ይላል፣ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

አንዱ የእንቅልፍ ዙር ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል። ዙሩ ሲያልቅ ልጁ ይገላበጣል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ዐይኑን ገልጦ መልሶ ይከድናል። ብዙ እናቶች በዚህ ሰዓት ብድግ አድርገው ያነሱታል፤ ሊቀጥል የነበረው እንቅልፍም እዚያው ይቋረጣል። ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ እያያችሁት ጠብቁ። እጁን ወደ አፉ እየወሰደ የሚፈልግ ከሆነ ርቦታል፣ አንሱት። ዐይኑን ጨፍኖ የሚያቃስት ከሆነ ተዉት።

ትንፋሹ 20 ሰከንድ ያህል ከቆመ፣ ወይም ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆረ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

ስንት ሰዓት መተኛት አለበት?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት እስከ ሦስት ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከአራት እስከ አሥራ አንድ ወር ያለ ደግሞ የቀኑን ጨምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይተኛል። ይህ ቀንና ሌሊት ተቆራርጦ የሚሞላ ድምር ነው። አራስ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ስላለበት፣ ሌሊቱን ሳይነቃ እንዲያድር መጠበቅ አይገባም። ክብደቱ እየጨመረ፣ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ሽንቱን እየሸና ከሆነ በቂ ወተት እያገኘ ነው።

ቀን ለጥ ብሎ ይተኛል፣ ሌሊት ዐይኑን አፍጥጦ ያድራል። ምን ላድርግ?

ሕፃን ሲወለድ ቀንና ሌሊትን አይለይም። ሰውነቱ መለየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ብርሃንና ጨለማ ደግሞ ያግዙታል። ጠዋት መጋረጃውን ክፈቱ፤ ቀን ሲተኛ ቤቱን አታጨልሙ፣ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ እንዲያወራም አታድርጉ። የባጃጅ ጡሩምባና የጎረቤት ሬዲዮ ለቀን እንቅልፍ ችግር አይሆኑም።

ሌሊት የዚህን ተቃራኒ አድርጉ። መብራቱ ደብዘዝ ይበል፤ ስታጠቡ የስልክ ብርሃን ፊቱ ላይ አይብራ፤ ወሬና ጨዋታ አይኑር። ካካ ካላለ ወይም ዳይፐሩ በጣም ካልራሰ መቀየሩ ይቆይ። አጥብታችሁ፣ አስገስታችሁ መልሳችሁ አስተኙት።

አንድ ነገር ልጨምር። አራስ ጥየቃ ደስ የሚል ባህላችን ነው፤ ነገር ግን እስከ ምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት ድረስ ልጁ ከእጅ እጅ እየተቀባበለ ሲሳም ቢያመሽ ሌሊቱን መረበሹ አይቀርም። «አመሻሽ ላይ ልጁ ይተኛል» ብሎ ለእንግዳ መንገር ነውር አይደለም። እናት መናገር ከከበዳት ባል ወይም እህት ይናገርላት።

አዳማ ይሞቃል። ምን ላልብሰው? ቬንትሌተር ይጎዳዋል?

ይህ በእኛ ከተማ ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘው ትልቁ ጉዳይ ይመስለኛል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት፣ በር ተዘግቶ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ካልሲ ለብሶ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ጋቢ ተደርቦበት የሚያላብ አራስ በየቤቱ አለ። «ብርድ ይመታዋል» የሚለው ስጋት ከደጋ የመጣ ልማድ ነው፤ እዚህ ልጁን የሚያነቃው በአብዛኛው ሙቀቱ ነው። በሙቀት መታፈን ለድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ መሆኑም የታወቀ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። እጁንና እግሩን አትመኑ፤ አራስ ሞቆትም ቢሆን እጅና እግሩ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ጣታችሁን በማጅራቱ ወይም በደረቱ ላይ አድርጉ። ላብ ካለው ወይም የሚያተኩስ ከሆነ አንድ ልብስ ቀንሱለት። በደህናው ጊዜ እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ሳሳ ያለ ልብስ ቢጨመርለት ይበቃዋል፤ ሙቀቱ ሲበረታ እሱም አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያው ይውለቅ፤ ሕፃን ብዙ ሙቀት በራሱ በኩል ያስወጣል። ሳይደርስ የተወለደ ወይም በጣም ትንሽ ክብደት ያለው ሕፃን ግን ቶሎ ስለሚበርደው የሐኪሙን ምክር ተከተሉ።

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ከሰዓት ይግልና ሌሊት ዘጠኝ አሥር ሰዓት ላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ማታ በሙቀቱ ሰዓት ያለበሳችሁትን ንጋት ላይ አንዴ ዳብሳችሁ እዩት።

ቬንትሌተር አይጎዳም። ፊቱን ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ ግድግዳ አዙሩት፤ አየሩን ማንቀሳቀሱ ነው የሚፈለገው። አቧራ በሚነሳበት ቀን በነፋሱ በኩል ያለውን መስኮት ዘግታችሁ ሌላውን ክፈቱ።

ዝንብ እንዳያርፍበት ተብሎ ፊቱን በነጠላ መሸፈን ይቅር። ነጠላው ቢሳሳም የተነፈሰውን አየር መልሶ ያስተነፍሰዋል፣ ያሞቀዋልም። አጎበር አለላችሁ። አዳማ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ወባ አለ፤ በተለይ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት አጎበሩ ከዝንብም ከትንኝም ይገላግላል። ጫፉ ከፍራሹ ሥር በደንብ ይወሸቅ፤ ተወጥሮ እንጂ ተዝረክርኮ ፊቱ ላይ አይውደቅ።

ውሃስ? አይሰጥም። ሙቀቱ ምንም ያህል ቢበረታ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። በሙቀት ቀን ቶሎ ቶሎ ጡት ከጠየቀ ስጡት፤ ውሃውን የምትጠጣው እናቲቱ ናት።

በጀርባው ባስተኛው ትን አይለውም? እናቴ በሆዱ ወይም በጎኑ አስተኚው ትለኛለች።

የአያቶች ስጋት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሕፃን ሲያቀረሽ ያየ ሰው ቢፈራ አይገርምም። ነገር ግን የሰውነቱ አሠራር ሌላ ነው። ልጁ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ይሆናል፤ ከሆዱ የሚመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። በሆዱ ሲተኛ ቦታው ይገለበጥና የአየር ቧንቧው ከሥር ይውላል። ጤነኛ ሕፃን ደግሞ ያቀረሸውን ይውጣል ወይም ያስላል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ ማስተኛትን በዘመቻ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ በዚያ አገር ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል። በሆዱ የተኛ ሕፃን ጠለቅ ብሎ ይተኛል፣ እውነት ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው፦ አየር ሲያጥረው ቶሎ አይነቃም። በጎን ማስተኛትም ወደ ሆዱ ለመገልበጥ ስለሚያመቸው አይመከርም።

እንግዲህ ቀንም ሌሊትም በጀርባው፣ ጠንከር ባለና ሜዳ በሆነ ፍራሽ ላይ ይተኛ። ሲተኙበት የሚሰረጉድ አሮጌ ስፖንጅ አይሁን። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አጠገቡ አይኑር። ራሱ እንዳይጠፈጠፍ ከፈለጋችሁ፣ ነቅቶ እያያችሁት በቀን ጥቂት ጥቂት ደቂቃ በሆዱ አስተኙት፤ አንገቱንም ያጠነክርለታል።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ አልጋውም አንድ። አብሮን ቢተኛስ?

በአንድ ክፍል ውስጥ መተኛቱ መልካም ነው፤ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ይመከራል። የሚሻለው በዚያው ክፍል፣ እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ፣ የራሱ መኝታ ቢኖረው ነው። ውድ የሕፃን አልጋ መግዛት ግድ አይደለም፤ ጠንካራ ትንሽ ፍራሽ ንጹሕ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ አጎበር ቢወጠርበት ይሆናል።

አልጋው የግድ አንድ ከሆነ አደጋውን ቀንሱ። ልጁ በእናቱ በኩል ይሁን፤ በባልና በሚስት መካከል ወይም ከትልቅ ልጅ አጠገብ አይሁን። ከግድግዳው ጋር የሚሸጉጥ ክፍተት አይኑር። የእናንተ ብርድ ልብስ ከወገባችሁ አይለፍ። ከወላጆች አንዱ የሚያጨስ፣ የጠጣ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት የወሰደ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ሳይደርስ የተወለደ ከሆነ አብሮ መተኛት ይቅር። ከሁሉ የከፋው ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ነው። ሌሊት ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ስታጠቡ እንቅልፍ እያዳፋችሁ ከሆነ ወደ አልጋ ሂዱ።

ልጁ በሚተኛበት ክፍል ከሰል አይጨስ። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ይፈላ፤ እጣኑም እዚያው። የከሰል ጭስ ሽታው ቢጠፋም መርዙ ቤቱ ውስጥ ይቀራል፣ በተዘጋ ክፍል ይገድላል።

አልተኛም ብሎ ሲያለቅስ እንዴት ላረጋጋው?

መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ፦ ርቦት፣ ማግሳት ፈልጎ፣ ረጥቦ፣ ሞቆት፣ ወይም ከልክ በላይ ደክሞት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንድ ወር የሞላው ልጅ ነቅቶ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሲያዛጋ፣ ዐይኑን ሲያሽ፣ ከፊታችሁ ዞር ሲል አስተኙት፤ ካለፈው ያለቅሳል፣ ባለቀሰ ቁጥር ደግሞ መተኛት ይከብደዋል።

ከዚያ በኋላ እናቶቻችን የሚያውቁት ሁሉ ይሠራል። ደረት ላይ ለጥፎ ማቀፍ፣ ቀስ ብሎ ወዲያ ወዲህ መራመድ፣ እሹሩሩ ማለት፣ ጀርባውን በእኩል ምት መታ መታ ማድረግ፣ «እሽሽሽ» እያሉ ጆሮው አጠገብ ረዘም አድርጎ ማሰማት። አንዱን ጀምራችሁ በየግማሽ ደቂቃው ወደ ሌላው አትዝለሉ፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቆዩበት። አንገቱ እስኪጠና በጀርባ ከማዘል በፊት ለፊት ያዙት፤ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ፣ ፊቱም ይታያችሁ።

እጁ እየተፈናጠረ የሚያነቃው ልጅ በስስ ጨርቅ ቢጠቀለል ይረጋጋል። እጁን ብቻ ያዙለት፤ እግሩን አቃንቶ አጥብቆ ማሰር የዳሌውን መገጣጠሚያ ስለሚጎዳ እግሩ እንደ ልቡ ይጠፍ። የተጠቀለለ ልጅ በጀርባው ብቻ ይተኛል፤ ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር ጥቅልሉ ይቀራል።

የሕፃን ለቅሶ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይቀንሳል። ሁሉንም ሞክራችሁ ባይተኛ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ትዕግሥታችሁ ካለቀ ልጁን በጀርባው ደህና ቦታ አስተኝታችሁ አምስት አሥር ደቂቃ ወጣ በሉ፣ ጎረቤት ጥሩ። ሕፃንን መነቅነቅ ግን በፍጹም፤ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ቢሆን አንጎሉን ሊያደማ ይችላል።

«ሆዱን ነው» ብለው ጤና አዳም፣ ቅቤ፣ የአብሽ ውሃ ስጪው ይሉኛል። እንጥሉን አስቆርጪው ያሉኝም አሉ።

አትስጡት። ስኳር በውሃም፣ ማርም እንዲሁ፤ ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ከጡት በቀር የሚገባው ሁሉ የልጁን ትንሽ ሆድ ይሞላና የሚጠባውን ይቀንሳል፣ ተቅማጥም ያመጣል። ለአየር የሚጠቅመው ከጠባ በኋላ ቀጥ አድርጎ ትከሻ ላይ ይዞ ማስገሳት፣ ነቅቶ ሳለም እግሩን ወደ ሆዱ እያጠፉ መዘርጋት ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን የሆድ ጠብታ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ደም በማፍሰስና በኢንፌክሽን ሕፃን ይገድላሉ። አያስተኙም፣ አያድኑም። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ዐይን ነው የምትሉ ጸልዩ፣ ጸበልም ፊቱን እርጩት፤ ምልክት ካለ ግን ጸሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ እየሄዳችሁ ይሁን።

ቡና ብጠጣ ልጁን ይነሳዋል እንቅልፍ?

የቡናው ኃይል በጥቂቱ ወደ ወተት ይገባል፤ አራስ ደግሞ ከሰውነቱ ለማስወጣት ቀናት ይፈጅበታል። አቦል ጠጥታችሁ ቶናና በረካውን ለሌላ ተዉት፤ የማታውንም ዝለሉት። ጫት ግን በጥቂትም አይደለም፤ በጡት ወተት ያልፋል፣ ልጁንም ያቁነጠንጠዋል።

አራት ወር ሲሞላው በደህና ይተኛ የነበረው ልጅ በየሰዓቱ መንቃት ጀመረ። ምን ነካው?

እንቅልፉ እያደገ ነው። በዚህ ዕድሜ የእንቅልፉ ዙር ወደ ትልቅ ሰው እየቀረበ ስለሚሄድ በዙሮች መካከል ሙሉ በሙሉ ይነቃል። በእቅፍ አንቀላፍቶ ከነበረ ሲነቃም እቅፉን ይፈልጋል። አሁን ጊዜው ነው፦ ሁልጊዜ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ገላውን እጠቡ፣ ቅባቱን ቀቡ፣ አጥቡ፣ መብራት ቀንሱ፣ ከዚያ ዐይኑ ሲከብድ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይተኛ አልጋው ላይ አድርጉትና እጃችሁን ደረቱ ላይ አሳርፉ። ካለቀሰ አንሱት፤ ነገ ትሞክራላችሁ። ብቻውን አልቅሶ እንዲተኛ መተው በዚህ ዕድሜ አልመክርም።

እቅፍ ይለምድብኛል?

አይለምድም። የሦስት ወር ልጅ ስታቅፉት ይረጋጋል እንጂ አይቀብጥም።

መቼ ነው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለብኝ?

ከሁለት ወር በታች ያለ ልጅ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰ ወይም ከ35.5 በታች ከቀዘቀዘ፤ ጡት አልጠባም ካለ፤ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፤ ካንቀጠቀጠው፤ እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ከጎደጎደ፤ አረንጓዴ ካስመለሰው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አልነቃ ያለ፣ ለመጥባት የሚቀሰቀስ ግን የሚዝል ልጅ «ተመስገን ዛሬስ ተኛልኝ» ተብሎ አይታለፍም። ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያው ዝግ ከሆነ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የድንገተኛ ክፍል አለው።

በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ክትባት ማግስት አንድ ሁለት ቀን መነጫነጭና መጠነኛ ትኩሳት ያጋጥማል። የትኩሳት መድኃኒት መጠኑ በክብደት ስለሚለካ የከተባችሁን ነርስ ጠይቁ።

ልጁ ተኝቶም እኔ አልተኛም፤ ዝም ብሎ ያስለቅሰኛል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆድ መባስ የተለመደ ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ምንም ደስ የማይላችሁ ከሆነ ወይም ራሳችሁን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ካሰባችሁ ይህ የሚታከም ሕመም ነው። ለአዋላጇ ወይም ለነርሷ ንገሯት፤ ድክመት አይደለም። ባሎች ሆይ፣ ከሌሊቱ አንዱን ፈረቃ ውሰዱ። ማስገሳት፣ ዳይፐር መቀየርና ማባበል ጡት አይጠይቅም፤ እናት አራት ሰዓት በተከታታይ ከተኛች ጠዋት ሌላ ሰው ትሆናለች።

ወደ ሥራ ስመለስ ልጄ ከሞግዚት ጋር እንዴት ይተኛል?

ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ የምትመለሱት ልጁ ሦስት ወር እንደሞላው ነው ማለት ነው። ከመመለሳችሁ በፊት ባሉት ሳምንታት ሞግዚቷ ወይም አያት እናንተ ቤት እያላችሁ ቀን ቀን ያስተኙት። የታለበ ወተት በኩባያና በማንኪያ መውሰድም ይለማመድ። የሚተኛበትን ሥርዓት አሳዩአቸው፤ እጃቸው ምን ያህል እንደሚመታ፣ ምን እንደሚሉለት ጭምር። «በጀርባው ብቻ ነው የሚተኛው» የሚለውን ደግሞ ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ በጀርባ መተኛት የለመደ ልጅ አንድ ቀን በሆዱ ቢተኛ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ማታ ስትመለሱ ልጁ ከወትሮው ይበልጥ ቢጠባ፣ ሌሊትም ቢነቃ አትደንግጡ። ቀን ያጣችሁን ሌሊት እየተካ ነው፤ ቀናችሁን አቅልላችሁ አጥቡት።